ቡችላውስ ይሁን፤ እናቱ ግን የት አለች?

«አገር እየነደደ ስለ ቡችላ ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የሆነውን ለጎንደር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይሁንና የዘጠኝ ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ክንዷን ለመርፌ ስትዘረጋ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁና ዛሬ የምጽፈው ስለ ቡችላ ነው።

ልጅቷ «ጋሼ፣ እቅፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽዬ ውሻ ግዛልኝ» ብላ ወጥራ ያዘችኝ። የጃንሆይን ሉሉን በፎቶግራፍ ያየ ምን ዓይነቷን ማለቷ እንደሆነ ይገባዋል። ጎንደር ነገሥታቷ አንበሳ ያኖሩባት ከተማ ናት፤ የአንበሳው ቤት ዛሬም ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል። የእቅፍ ውሻ ከየት ይገኛል ብላችሁ ብትጠይቁ ግን «ከአዲስ አበባ አስመጣ» ከማለት በቀር መልስ የለም። እኔም እንደ ሰዉ ደላላ ያዝኩ። ደላላው አስፋልት ዳር ቡችላ በካርቶን ይዞ መኪና የሚያስቆም ጎረምሳ ጋ ወሰደኝ።

«ንጹህ የፈረንጅ ዘር ነው፤ ሦስት ወሩ ነው፤ ክትባቱንም ጨርሷል» አለኝ። ማስረጃ ስለው ማህተሙ የማይነበብ፣ የሐኪም ስም የሌለበት ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። እናቱስ? «ቤት ናት።» ቤቱስ የት ነው? ስለው ሳቀ። እኔ ሞኙም አብሬው ሳቅሁና ከፈልኩ።

ጎንደር ስንደርስ የእንስሳት ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየና «ይሄ ገና ከጡት ያልተለየ ነው፤ ወር ከምናምን ቢሆነው ነው» አለን። በአራተኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው። ፓርቮ የሚሉት በሽታ ነው ተባልን፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ቀበርነው።

ጭንቁ የመጣው ከቀበርነው በኋላ ነው። ለካስ ሲጫወት ጣቷን ነክሶ አድምቷት ኖሯል! የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሁለትና ሦስት ወር አድፍጦ ይቆያል። የሞተ ውሻ ነጻ መሆኑ የሚረጋገጠው አንጎሉ ሲመረመር ነው፤ የእኛ ከአፈር በታች ነው። ንክሻን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ እንደሚገባ የሰማነው እንኳ ዘግይተን ነው። ሐኪም ቤት ስንሄድ «ክትባቱ አልቋል፤ ነገ ተመለሱ» አሉን። ነገ፣ ከነገ ወዲያ... በስንት ደጅ ጥናት ተገኘ። የእናቷን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ።

በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚሞት ይገመታል። ከመቶው 99ኙን ለሰው የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። መከላከያውም ስውር አይደለም፤ ከውሾች 70 በመቶውን በየጊዜው መከተብ። የኛ ከተሞች የቆየ ልማድ ግን መርዝ መበተን ነው፤ በሞተው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይገባበታል፣ ይኸው ነው። ለመሆኑ ሽንኩርት ለመቸርቸር ንግድ ፈቃድ በሚጠየቅበት አገር፣ ያልተከተበ እንስሳ ለሕፃን የሚሸጠውን ማነው የሚጠይቀው? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ደመወዝ የምንከፍላቸው ግን ጭጭ ብለዋል።

ነገሩ በከተማ አያበቃም። ከጎንደር ሽቅብ ዳባትን፣ ደባርቅን አልፎ ስሜን ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በአገሩ ሁሉ ተቆጥሮ ለአቅመ መውለድ የደረሰው 500 አይሞላም። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር ገብቶ ፈጅቶታል። በሽታው የመጣው ከቤት ውሻ ነው። የጥበቃው ሰዎች የእረኞችን ውሾች የሚከትቡትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ የዚያ ጎረምሳ ካርቶን ደባርቅ ድረስ ቢሄድስ?

ቡችላ የምትፈልጉ ከእኔ ተማሩ። እናቱን ከነግልገሎቿ፣ በተወለዱበት ቤት ካላያችሁ ገንዘብ አታውጡ። ሁለት ወር ሳይሞላው አትቀበሉ። የክትባት ደብተሩ ላይ የሐኪሙ ስምና የክትባቱ ተለጣፊ ይኑርበት፤ የእብድ ውሻው ክትባት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በሦስት ወሩ ገደማ ነውና በወር ተኩሉ «ጨርሷል» የሚላችሁ ይዋሻል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ነው፤ ሐኪም ከዚያ ይወጣል፤ ቡችላውን ቤት ከማስገባት በፊት ለሐኪም ማሳየት ይቻላል። እኔ ደግሞ «የፈረንጅ ዘር» የሚባለውንም ትቼዋለሁ። ባሕርይዋን የምናውቃት የጎረቤት ውሻ ልጅ፣ ብርዱንም የለመደች፣ ለአንዲት ሕፃን ምን ይጎድላታል?

የወንድሜ ልጅ መርፌዋን ጨርሳለች። እታች ሰፈር ያሉ አንዲት እትዬ አጭር፣ ቡናማ ውሻ አለቻቸው፤ አራት ወልዳለች። ልጅቷ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ሄዳ እናቲቱን ታያለች፤ ሁለት ወር እስኪሞላቸው በቀን መቁጠሪያው ላይ እየሰረዘች ነው። ሻጩ ጎረምሳ ስልክ አያነሳም።