ስለ ሞተር ብስክሌት ዘይት የሻጩና የገዢው ኃላፊነት

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ የብዙ ሰው የዕለት እንጀራ ማግኛ ከሆኑ ቆይተዋል። የግብርና ባለሙያው ወደ ግራና፣ ነጋዴውም ወደ ውርጌሳ የሚደርሰው በእነዚሁ ነው። ስለዚህ ለሞተሩ የሚገዛው ዘይት ጥቂት ጉዳይ መስሎ ቢታይም የቤተ ሰብ ኑሮ የሚነካ በመሆኑ አሳባችንን ልንገልጽ ወደድን።

ዘይት ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዋጋውና መልኩ ነው። ይህ ልማድ ግን ኪሳራ ያመጣል። በመኪና ላይ ሞተሩና ካምቢዮው የየራሳቸው ዘይት አላቸው፤ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት ግን እንደ ደንቡ ፒስቶኑን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን የሚያለሰልሰው በአንድ ዘይት ነው። ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ለመኪና የተዘጋጀ ዘይት አለስላሽ ቅመም ስለሚገባበት የፍሪሲዮኑን ዲስኮች ሊያንሸራትት ይችላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን ጉልበት አያገኝም። 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከመርሳ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል 2,100 ሜትር ያህል ወደምትደርሰው ወደ ወልድያ ጭኖ የሚወጣ ባለ ንብረት ጉዳቱን ፈጥኖ ያየዋል።

መፍትሔው በዕቃው ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓኖች ለባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት ዘይት የተለየ ደረጃ አወጡ። «ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ኤም ኤ 2» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ተስማሚ ነው፤ «ኤም ቢ» የሚለው ግን እንዲህ ያለ ፍሪሲዮን ለሌላቸው ስኩተሮች የታሰበ ነው። «20ደብሊው-50» በሚለው ጽሑፍ የፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ፣ የኋለኛው ደግሞ ሞተሩ ሲግል ዘይቱ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል።

አንዳንዶች «ለቆላ ምን ጊዜም ወፍራም ዘይት ይሻላል» ይላሉ። ይህ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ልኩን የሚወስነው ከተሽከርካሪው ጋር የሚመጣው መመሪያ ነው፤ ከመጠን በላይ የወፈረ ዘይት በማለዳ ብርድ ሞተሩ ሲነሣ ወደ ክፍሎቹ ዘግይቶ ይደርሳል። ደግሞም ዘይት ስለ ጠቆረ ብቻ ተበላሸ፣ ስለ ነጣም ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ጥሩ ዘይት ጥላሸቱን እያጠበ ስለሚይዝ ይጠቁራል። የመቀየሪያው ጊዜ መታወቅ ያለበት በተነዳው ኪሎ ሜትር ነው።

የሞተር ብስክሌት ዘይት በዋጋ ከፍ ይላል የሚለውን አቤቱታ አንክድም። ነገር ግን በአንድ ቆርቆሮ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ፍሪሲዮን ለማስቀየርና ተሽከርካሪው በጋራዥ ቆሞ ለሚቀረው የሥራ ቀን አይበቃም።

ስለዚህ የንግዱ ማኅበር አባሎች ዘይት ከመሸጣቸው በፊት «ለምን ዓይነት ሞተር ነው?» ብለው እንዲጠይቁ፣ ስሙ ካልታወቀ በርሜል እየቀዱ ከመሸጥ እንዲቆጠቡና የዘይቱን ደረጃ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ እናሳስባለን። ገዢውም ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል። ደረጃው በደረሰኝ ላይ ከተጻፈ ጉዳት ሲደርስ ሻጩና ገዢው የሚነጋገሩበት ማስረጃ ይኖራቸዋል፤ የቀና ነጋዴም ስሙ ይጠበቅለታል።