ካሎሪ ልትቆጥሩ ነው? ከእንጀራው ሳይሆን ከዘይቱ ጀምሩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ "ዶክተር፣ ክብደት ለመቀነስ ካሎሪ መቁጠር ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?" የሚሉ ናቸው። ገሚሱ ጠያቂ እንጀራ ከተወ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሌላው ደግሞ ስልኩ ላይ አፕ ጭኖ "ሽሮ" ብሎ ሲፈልግ ከእናቱ ሽሮ ጋር የማይገናኝ ቁጥር መጥቶበት "ይሄ ነገር የፈረንጅ ነው" ብሎ ትቶታል።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። ካሎሪ መቁጠር ለእኛም ይሠራል፤ ግን ለገበታችን በሚስማማ መንገድ መሆን አለበት። ቀድመው መቆጠር ያለባቸውም ዘይቱ፣ ስኳሩና መጠጡ ናቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሎሪ ከምግብ የምናገኘው ኃይል መለኪያ ነው። ሰውነታችን ከሚያወጣው በላይ ካስገባን ትርፉ በአብዛኛው ስብ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ካሳነስን ደግሞ ከተጠራቀመው ያወጣል። 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ሲኖረው፣ አልኮል 7፣ ቅባት ደግሞ 9 አለው።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ግን ወጥ ሲሠራ ዘይት በማንኪያ የሚለካ ማነው? ከጀሪካኑ በዓይን ግምት ይጨመራል፣ ሽንኩርቱ ያዝ ሲያደርግ ደግሞ ይደገማል። ስለዚህ ድስቱን ተዉትና ጀሪካኑን ቁጠሩ! ባለ 5 ሊትሩ ዘይት 40,000 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። አራት ሰው ያለበት ቤት በ20 ቀን ከጨረሰው፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ከዘይት ብቻ አገኘ ማለት ነው። ያው ጀሪካን 40 ቀን ቢቆይ ግን 250 ይሆናል። ከመሶቡ አንድ እንጀራ ሳይነሳ 250 ካሎሪ ቀነሰ ማለት እኮ ነው! (ጠብሳችሁበት የደፋችሁት ዘይት ካለ ከሒሳቡ አውጡት።)

"ጾም ገብቶ እንዴት ኪሎ ጨመርኩ?" ለምትሉም መልሱ ብዙ ጊዜ እዚሁ ጋ ነው። የጾም ምግብ ሥጋና ቅቤ የለውም እንጂ ካሎሪ አለው። ዘይት የጠጣ ፓስቲና ሳምቡሳ ደግሞ ብዙ አለው።

ቀጥሎ ስኳር። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 16 ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን ሦስት ስኒ ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ብትጠጡ 12 ማንኪያ፣ ማለትም 190 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል። ማንኪያው ከተቆለለ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም ቢራ ሲጨመርበት ከ100 ካሎሪ በላይ ይጨምራል፤ ሆድ ግን መጠጥን እንደ ምግብ ስለማይቆጥረው ራት አይቀንስላችሁም።

እንጀራውስ? እሱም ይቆጠራል፣ ግን ሚዛን አያስፈልገውም። የቤታችሁ ምጣድ ያው አንድ ስለሆነ እንጀራው ራሱ መለኪያ ነው። "ዛሬ ሁለት ተኩል በላሁ" ብላችሁ ጻፉ፣ በቃ። ከትሪ አብራችሁ የምትበሉ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ብቻ ድርሻችሁን በሳህን ለይታችሁ አውጡ። ፍቅር ይቀንሳል ብላችሁ አትስጉ። ጉርሻም ይፈቀዳል፤ ግን እሱም ይቆጠራል!

ስንት ልቀንስ? እንደ ዕድሜ፣ ቁመትና ሥራ ቢለያይም፣ ክብደቷ እንዳለ እንዲቆይ አንዲት ሴት በቀን ወደ 2,000፣ አንድ ወንድ ደግሞ ወደ 2,500 ካሎሪ ያስፈልጋቸዋል ተብሎ ይገመታል። ከዚህ ላይ 500 መቀነስ ለመጀመሪያ በቂ ነው። መጀመሪያ ላይ በሳምንት እስከ ግማሽ ኪሎ ሊቀንስ ይችላል፤ እየቆየ ግን ይዘገያል፣ ያ ጤናማ ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች አትውረዱ። በባዶ ሆድ ሎሚ እየጠጡ መዋልም ስብ አያቀልጥም። ራሳችሁን ያዞራችኋል፣ ማታ ደግሞ ያካክሳችኋል።

እነዚህ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ፦
1. ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች
2. ከ18 ዓመት በታች የሆኑ
3. ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ታማሚዎች (ምግብ ብቻ ቀንሰው መድኃኒቱ ካልተስተካከለ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል)
4. ምግብ በመፍራት ወይም በልቶ በማስመለስ የተቸገሩ

ሳትሞክሩ ክብደታችሁ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፣ ተመርመሩ።

በመጨረሻም፣ መቁጠር የዕድሜ ልክ ሥራ አይደለም። ለሁለት ሦስት ሳምንት ዓይናችሁን ይገልጥላችኋል፤ ከዚያ ቁጥሩን ትታችሁ ልማዱን ያዙ። ወጥ የምትሠራው እናታችሁ ወይም ሠራተኛችሁ ከሆነችም "ዘይት አበዛሽ" ብላችሁ አትውቀሷት፤ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ቤተሰብ ያልተስማማበት ዳይት ከሁለት ሳምንት አያልፍም።

የቤት ሥራ፦ ዛሬ ማታ ጀሪካኑ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉ። ሲያልቅ ሊትሩን በ8,000 አባዙ፣ ለቀኑና ለሰው ቁጥር አካፍሉት፣ ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። ለሚጠቅመው ሰውም ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤና!