«ሜይደን አይመስልም» ማለት ሂስ አይደለም

አንድ አንጋፋ የሮክ ዘፋኝ ከባንዱ ወጣ ብሎ ለብቻው አልበም ሲሰራ ከአድናቂው የሚመጣው ፍርድ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «አሪፍ ነው፣ ግን ባንዱን አይመስልም።» አልበሙ ትንሽ ከመሰለ ደግሞ ፍርዱ ይገለበጣል፦ «ታዲያ ለምን ከባንዱ ጋር አልሰራውም?» ልብ በሉ፣ ይህን ፈተና የሚያልፍ አልበም የለም። ኮድ ጽፌ ምንም ባደርግ የማያልፍ ቴስት ካጋጠመኝ የምጠረጥረው ቴስቱን ነው።

በአንድ ሰው እንየው። ብሩስ ዲክንሰን፣ የእንግሊዙ የአይረን ሜይደን ድምፅ። ባንዱን በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመሰረተው ቤዝ ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ ነው፤ ዲክንሰን የገባው በ1981። በማርች 2024፣ በ65 ዓመቱ፣ «ዘ ማንድሬክ ፕሮጀክት» የተባለ ሰባተኛ የሶሎ አልበሙን አወጣ። ከስድስተኛው እስከዚህኛው 19 ዓመት ሙሉ አልፏል። እና አሁንም መለኪያው ያው ሆነ፦ ሜይደንን ይመስላል ወይስ አይመስልም?

እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። የዲክንሰን ሶሎ ስራ ከሜይደን የተሰረቀ ጊዜ አይደለም። ሜይደን ራሱ ሲበላበት የኖረ ጓዳ ነው።

ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ፣ እሺ። ባንዱ በ1986 «ሳምዌር ኢን ታይም»ን ሲያዘጋጅ ዲክንሰን በአኩስቲክ ጊታር የተሰሩ ዘፈኖች ይዞ መጣ። አልተፈለጉም። አልበሙ የሱ ስም በደራሲነት የተጻፈበት አንድም ዘፈን ሳይኖረው ወጣ። ዘፈነ እንጂ አልጻፈም። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1989፣ ለአንድ አስፈሪ ፊልም ለብቻው አንድ ዘፈን ቀረጸ፤ «ብሪንግ ዩር ዶተር ቱ ዘ ስሎተር»። ሃሪስ ሰማውና ለባንዱ ፈለገው። ሜይደን እንደገና ቀረጸው፤ በ1991 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ባንዱ በዚያ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣበት ብቸኛው ዘፈን ይኸው ነው። ከውጭ የመጣው! «ለብቻው ሲሰራ ጊዜውን ያባክናል» የሚል ሰው ይህን እንዴት ያስረዳ ይሆን?

በ1993 ዲክንሰን ጭራሽ ለቆ ወጣ። ፕሮግራመሮች ይህን ፎርክ እንለዋለን፤ ነባሩን ኮድ ወስዶ በራስ መንገድ መቀጠል ማለት ነው። ሰው ፎርክ ሲያይ ጠብ ይሸተዋል። ግን ታሪኩን እዩት፦ ጂሲሲ የተባለው ታዋቂ ኮምፓይለር እድገቱ ሲንቀራፈፍ በ1997 የተወሰኑ ሰዎች ኢጂሲኤስ ብለው ፎርክ አደረጉት። ፎርኩ የተሻለ ሆኖ ተገኘና በ1999 ራሱ ዋናው ጂሲሲ ሆነ። በዚያው በ1999 ዲክንሰን ወደ ሜይደን ተመለሰ። ባዶ እጁን አልመጣም። ባንዱን ቀድሞ በ1990 የለቀቀው ጊታሪስት ኤድሪያን ስሚዝ በዲክንሰን ሁለት የሶሎ አልበሞች ላይ ተጫውቶ ነበርና አብሮት ተመለሰ። ከሁለቱ አልበሞች አንዱ ከገጣሚው ዊልያም ብሌክ ዓለም የተቀዳው «ዘ ኬሚካል ዌዲንግ» ነው፤ በ1998 ወጣ። በ2000 የመጣው የሜይደን ትንሳኤ የተጠነሰሰው እዚያ ነው እላለሁ።

«ለዝና ነው፣ ለብር ነው» የሚለውንስ? ኧረ ባካችሁ! በሜይደን ስም ስታዲየም የሚሞላ ሰው፣ በራሱ ስም ትንንሽ አዳራሽ ውስጥ የሚዘፍነው በየትኛው የሂሳብ ስሌት ነው ለብር የሚሆነው? በዲሴምበር 1994፣ ሳራዬቮ በከበባ ላይ እያለች፣ ከሶሎ ባንዱ ጋር በእርዳታ ሰራተኞች መኪና ገብቶ ለከተማዋ ወጣቶች ተጫውቷል። ግዙፍ መድረክ ጭኖ የሚዞር ባንድ እንዲያ ያለ ቦታ አይገባም።

አሁን ለተቃዋሚው ፍትሃዊ እንሁን። ሶሎ አልበም ሁሉ ወርቅ አይደለም። በ1996 ዲክንሰን የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም የቀረጸውን ጃክ ኤንዲኖን ይዞ «ስከንክወርክስ»ን ሰራ። የዘመኑን የአማራጭ ሮክ ድምፅ ሞከረ፤ የሜይደን አድናቂ ጀርባውን ሰጠው። ስከንክወርክስ የባንዱ ስም እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ አሳታሚው ግን የዲክንሰን ስም ሽፋኑ ላይ ካልተጻፈ አላወጣም አለ። አያችሁ? ሰውየው አዲስ ነገር ሆኖ ሊሰማ ፈለገ፤ ገበያው ግን የድሮውን ስም ለጥፎ ሸጠው፣ ከዚያ «የድሮውን አይመስልም» ተብሎ ተፈረደበት። አልበሙን አትውደዱት፣ መብታችሁ ነው። ግን በራሱ ድክመት ጥሉት።

እኛ አገር በሽታው ተገልብጦ ነው ያለው። «ኤሬ መላ መላ»ን የማህሙድ አህመድ ነው እንላለን፤ አብሮት የተጫወተውን አይቤክስ ባንድን ስንቶቻችን እንጠራለን? እኛ ዘፋኙን አንግሰን ባንዱን እንረሳለን። የሮክ አድናቂው ባንዱን አንግሶ ዘፋኙን የቀን ሰራተኛ ያደርገዋል። ሁለታችንም ጋ ከሙዚቃው በፊት የሚሰማው ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ነው።

ማንድሬክ ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁ ማስረጃ እዚያ አለ። ዲክንሰን ለሶሎ አልበም ብሎ የጻፈውን «ኢፍ ኢተርኒቲ ሹድ ፌይል» የሚል ዘፈን ሜይደን ወሰደውና የ2015ቱ «ዘ ቡክ ኦፍ ሶውልስ» መክፈቻ አደረገው። የዚያ አልበም ቀረጻ ካለቀ በኋላ ሐኪሞች በዲክንሰን ጉሮሮና ምላስ ላይ ካንሰር አገኙ። ታከመ፣ ዳነ፣ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2024 ያንኑ ዘፈን ወደ ራሱ አልበም መልሶ አመጣው፤ ርእሱ ግን ተለውጧል፦ «ኢተርኒቲ ሃዝ ፌይልድ»። «ዘላለም ቢከሽፍ» የነበረው «ዘላለም ከሸፈ» ሆነ። «ቢ» ወደቀች። ይህን ለውጥ ሊያደርግ የሚችለው ሞትን በጉሮሮው ያየ ሰው ነው እንጂ ኮሚቴ አይደለም።

ሁለቱን ቅጂዎች አከታትላችሁ ስሙ። አንዱ ከምርመራው በፊት፣ አንዱ ከህክምናው በኋላ፤ ያው ሰው፣ ያው ዜማ። የሜይደኑ ይሻላል ብትሉ አልከራከርም። ግን የድምፁን ሻካራነት፣ የሮይ ዚን ጊታር፣ ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋውን የመዝጊያ ዘፈን ሰምታችሁ ፍረዱ። ለ40 ዓመት ያዘፈናችሁትን ሰው «አንተ ዝም ብለህ የለመድነውን ዝፈን» ማለት ፍቅር አይደለም። ሳንቲም ስንከትለት የመረጥነውን የሚያጫውት ማሽን ነው የምናደርገው። ባንዱን እወዳለሁ የምትሉ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሚቀጥለው የሜይደን ዘፈን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የመጣው ግን «አይመስልም» ካላችሁት ቦታ ነው።