ፍቺው በወራት፣ ክፍፍሉ በዓመታት

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ ካሉት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድቦች በአንዱ፣ በቤተሰብ ችሎት በር ላይ ትንሽ ለቆመ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጽለታል። ለፍቺ የመጡት ባልና ሚስት ሐኪም እንደሚጠብቅ ሕመምተኛ ዝም ብለው በአግዳሚው ወንበር ሁለት ጫፍ ተቀምጠዋል። ጭቅጭቁና እንባው ያለው ፍቺው ካለቀ በኋላ ለንብረት ክፍፍል በተመለሱት ዘንድ ነው። እነዚህ በሕግ ዓይን ባልና ሚስት አይደሉም። ነገር ግን ዓመታት አልፈውም በየቀጠሮው ይገናኛሉ፤ አንዳንዶቹም ማታ የሚገቡት ወደ አንድ ቤት ነው።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የዛሬ 30 ዓመት ገደማ ሕግ ስንማር በእጃችን የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው «ጥፋቱ የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር፤ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ንብረቱ የሚደርሰው ሊቀነስበት ይችል ነበር። ስለዚህ ሁሉም የሌላውን ኃጢአት ይቆጥራል፣ ምስክር ይደረድራል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሲመጣ ይህንን ገለበጠው። ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሆነ፤ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ድርሻ ማስታረቅ ሆኖ ቀረ። ዳኛው ባለጉዳዮቹን ያነጋግራል፣ እንዲያስቡበት ከ3 ወር ያልበለጠ ጊዜ ይሰጣል፤ አንፈልግም ካሉ ያፋታል። ንብረቱ እኩል ይካፈላል።

በእኔ እምነት ይህ ለውጥ ትክክል ነበር። በተለይ ለሴቶች። በባል አጎቶችና በንስሐ አባት ፊት ቆማ ገመናዋን ስትዘረዝር የኖረች ሴት አሁን ምክንያቷን ለማስረዳት አትገደድም። ይሁን እንጂ ሕጉ ጠቡን አላጠፋውም፤ ከመኝታ ቤቱ አውጥቶ ወደ ካርታውና ወደ ባንክ ደብተሩ አዛወረው እንጂ። ቀድሞ «አመንዝራለች» ወይም «ሰካራም ነው» ይባል የነበረው ክርክር ዛሬ «ቤቱ የእኔ የግሌ ነው» በሚል ተተክቷል። በፍቺው ምክንያት ተጎጂ የሆነ ወገን ካሳ እንዲያገኝ አንቀጽ 84 በር ቢከፍትም፣ የጠበቆች ዓይን ያለው ቤቱ ላይ ነው።

ብዙ የተማረ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአንቀጽ 63 መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «በስሜ ነው» የሚለው መከላከያ ብቻውን ዋጋ የለውም። ከዚህ የባሰ የማይታወቀው ደግሞ አንቀጽ 58 ነው። አንድ ሰው ከጋብቻ በፊት የነበረውን መኪና ሸጦ በዚያው ገንዘብ ሌላ ቢገዛ፣ አዲሱ መኪና የግሉ የሚሆነው ይህንኑ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ሲያጸድቅ ነው። እስቲ ማን ነው በሰላም እየኖረ፣ ሚስቱ ቡና እያፈላች፣ «መኪናዋ የግሌ መሆኗ ይታወቅልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ? ቢሄድስ ማታ ቤቱ እንዴት ይገባል? ሕጉ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ከትዳራችን ባሕርይ ጋር አይሄድም። ውጤቱ ግን ከ10 ዓመት በኋላ በችሎት ይመጣል፤ የሽያጭ ውሉ ጠፍቷል፣ ምስክሩ ሞቷል ወይም አገር ጥሏል።

የኮንዶሚኒየሙ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚያስገርም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለጋራ መኖሪያ ቤት ብዙ ሰው የተመዘገበው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን በ2005 ዓ.ም. እንደገና ምዝገባ ተካሂዷል። በ1997 የተመዘገበች ወጣት በ2002 ታገባለች፤ ዕጣው በ2007 ይወጣላታል እንበል። ምዝገባው የላጤነት፣ ዕጣው የጋብቻ ነው። ወርኃዊ የባንክ ክፍያው ደግሞ ከሁለቱም ደመወዝ ይከፈላል። በአንቀጽ 62 መሠረት በጋብቻ ጊዜ ከግል ጥረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ስለሆነ፣ ክፍያው ከእሷ ደመወዝ ብቻ ቢቆረጥ እንኳ የጋራ ገንዘብ ነው። ታዲያ ቤቱ የማን ነው? አንደኛው ጠበቃ «መብቱ የተወለደው በምዝገባው ቀን ነው፤ ለባልየው የሚገባው የከፈለው ግማሽ ገንዘብ ብቻ ነው» ይላል። ሌላው «ምዝገባ ተስፋ እንጂ ንብረት አይደለም፤ ቤቱ የመጣው በጋብቻ ውስጥ ነው» ብሎ ይመልሳል። የቤት ዋጋ እንደዚህ በናረበት ከተማ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው ከተማው ውስጥ ለመኖር በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ቤቱ የጋራ ነው ከተባለስ? ባለአንድ መኝታ ቤት ለሁለት አይቆረጥም። ወይ አንዱ ለሌላው ድርሻውን ከፍሎ ይወስዳል፣ ወይ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ። ለመክፈል ገንዘብ የለም። ለመሸጥ ደግሞ የባንክ ዕዳ አለ፤ በዕጣ የተገኘ ቤት የ5 ዓመት የሽያጭ ገደብ ያለበት ጊዜም አለ። እኔ የማውቃቸው የቀድሞ ባልና ሚስት ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍለው ሁለት ዓመት ኖረዋል። እሷ መኝታ ቤቱን ከልጆቹ ጋር ያዘች፣ እሱ ሶፋው ላይ አደረ። ማቀዝቀዣውን ሳይቀር መደርደሪያ መደርደሪያውን ተካፍለውት ነበር። ፍቺያቸው የተወሰነው በ4 ወር ውስጥ ነው።

ክርክሩ ሲራዘም ንብረቱም ይሸሻል። ከክሱ በፊት ለእናት ወይም ለወንድም የተጻፈ የብድር ሰነድ ብቅ ይላል። መኪናው በውክልና ተሸጧል። ሕጉ ይህን ለመከላከል በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ እንዲሁም ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር የብዙ መንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ነበር። ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን አስቤዛ አይሸፍንም። በቃሉ ብንሄድ አሮጌ ስልክ ለመሸጥ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ሊያስፈልግ ነው። በተግባር ማንም ስለማይጠብቀው አንቀጹ ትልቁንም ትንሹንም አይዝም። አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 ሲሻሻል የተነካው የውጭ አገር ጉዲፈቻ ነበር፤ 500 ብሩ እንደነበረ አለፈ።

ሌላው ራስ ምታት ሳይፋቱ የተለያዩ ሰዎች ነገር ነው። ባል ወይም ሚስት አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ከሄዱ 15 ዓመት ሆኗል፤ ሁለቱም ሌላ ኑሮ መሥርተዋል፤ ወረቀት ላይ ግን ጋብቻው አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 እንዲህ ያለው ጋብቻ የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል ብሏል። የሰበር ትርጉም ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የሕጉ ቃል ፍቺን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቶ ሳለ ችሎቱ እዚህ መድረሱን የተቹ ባልደረቦቼ ጥቂት አይደሉም። እኔ የፍርዱን አስፈላጊነት እረዳለሁ፤ ሞቶ የተቀበረን ትዳር ለውርስ ሲባል ብቻ መቀስቀስ ፍትሕ አይደለም። ሥጋቴ ቀኑ ላይ ነው። ጋብቻው የፈረሰው መቼ ነው? በ2001 ነው ከተባለ በ2003 የተገዛው ቦታ የግል ነው፤ በ2005 ነው ከተባለ የጋራ ነው። ይህን ቀን የሚወስነው የጎረቤት ትዝታ ነው። ከጅዳና ከቤይሩት ገንዘብ ስትልክ የኖረች እህት በዚህ ትዝታ ልትረታ እንደምትችል አለማሰብ አይቻልም፤ ጎረቤቱ ያየው ቤቱን ሲያሠራ የነበረውን ባል እንጂ ገንዘቡን የላከችውን እሷን አይደለምና።

ስለ ልጆች ሕጋችን ከንብረቱ የተሻለ ተራምዷል። የቀድሞው ሕግ ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከባድ ምክንያት ከሌለ ለእናቱ ይሰጥ ይል ነበር፤ የአሁኑ አንቀጽ 113 የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። ሰበር በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ልጁን ጥሎ ቆይቶ ኋላ «አባት ነኝ» ብሎ የመጣን ሰው ከልጁ ጥቅም አንጻር መዝኖ፣ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። በሕግ ትምህርት ቤቶች ደጋግሞ የሚጠቀስ ውሳኔ ነው፤ ይገባዋልም።

ቀለቡ ግን ሌላ ነገር ነው። አባት የመንግሥት ወይም የድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ ትእዛዙ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ያበቃል። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ድለላ የሚሠራ ወይም የጭነት መኪና ያለው ሰው ግን ችሎት ፊት ቀርቦ ገቢው ትንሽ እንደሆነ ይናገራል፤ የግብር ወረቀቱም ይመሰክርለታል። እናት ተቃራኒውን በምን ታስረዳ? ተወስኖ የተሰጠው ገንዘብም በኑሮ ውድነቱ ይበላል። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በ2014 የተቆረጠ ቀለብ ዛሬ የወተቱን ግማሽ ቢሸፍን ነው። እናቲቱ እንዲሻሻልላት መጠየቅ ትችላለች፤ ያ ማለት ግን አዲስ አቤቱታ፣ አዲስ መጥሪያ፣ ከሥራ የቀረችባቸው አዲስ ቀናት ማለት ነው። ዳኞች ሲወስኑ ቁርጥ ያለ ብር ከመጻፍ ይልቅ የደመወዙን መቶኛ ቢጽፉ ቢያንስ ለተቀጣሪዎቹ ይህ ጣጣ በቀነሰ ነበር።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ከፍርድ ቤት ጋር የተያያዘ የማስማማት ሥርዓት አምጥቷል። ለቤተሰብ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን አስማሚው ፊት የሚቀርቡት ሁለቱ ሰዎች ምን እንዳላቸው እኩል ካላወቁ ስምምነቱ ደካማውን ወገን የሚያስፈርም ወረቀት ይሆናል። የባሏን የባንክ ሒሳብ ብዛት የማታውቅ ሴት በምን ላይ ትስማማለች? መጀመሪያ የንብረት ዝርዝር በመሐላ ይቅረብ፣ ባንኩና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ለፍርድ ቤት መልስ ይስጡ፣ ከዚያ በኋላ ይስማሙ። አሁን እንደሚታየው ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው፤ መልሱ ከመሥሪያ ቤቶቹ የሚመጣው ከሦስትና ከአራት ቀጠሮ በኋላ ሲሆን፣ እስከዚያ መኪናው ሦስተኛ ባለቤቱ ዘንድ ደርሷል።