ማቀዝቀዣው ለውሃ ይለቀቅልን
ለልጆች የእረፍት ጊዜ ፕሮግራም አስተባባሪ ኮሚቴ
ጅቡቲ ከተማ

ጉዳዩ፦ ለልጆቻችን የሚቀርበውን መጠጥ ይመለከታል

እኛ ልጆቻችንን በአደራ የሰጠናችሁ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ከመንገድና ከስልክ እንዲርቁ ስለደከማችሁ አስቀድመን እናመሰግናለን። አቤት የምንለው ውለታችሁ ጠፍቶን አይደለም።

አገር ቤት ሐምሌ ዝናብና ጭቃ ነው። እዚህ ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ፣ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋ እየበተነ ነው ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት። የሚጠጡትን ሄደን አየን። የውሃው ጀሪካን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ከረፋዱ ጀምሮ ይሞቃል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ለሽያጭ የቀረበ ለስላሳ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ኃይል ሰጪ የሚባለው ጣሳ ተደርድሯል። ለምሳ የዱቄት ጁስ ይበጠበጥላቸዋል። ላብ ያጠመቀው የሰባት ዓመት ልጅ የትኛውን እንደሚያነሣ ለእናንተ መንገር አያሻም። «ልጆቹ ራሳቸው መርጠው ነው» የሚለው መልሳችሁም ስለዚህ አላሳመነንም።

አንድ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ጣሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለው ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ 37 ግራም ገደማ ነው። አንዷ ጣሳ የቀኑን ድርሻ ልትጨርስ ጥቂት ቀራት፤ የዱቄት ጁሱ ገና አልተቆጠረም። ካፌይን ያለበትን ኃይል ሰጪ መጠጥማ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ለልጅ ጨርሶ አይሆንም ብሏል።

«የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል» ተብለናል። እዚህ የከረመ ሰው የጉድጓዱን ጨዋማነት አይክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከሶማሌ ክልል፣ ከሐዳጋላ የተቀዳ ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ይመጣል፤ በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተከፍቷል። ለግቢያችሁ ካልደረሰ የታሸገ ውሃ ይገዛ። ለስላሳ በሳጥን የሚያመጣ መኪና ውሃ መጫን አያቅተውም።

ስለዚህ ማቀዝቀዣው ለውሃ ይለቀቅ፤ ልጆቹም ሳይለምኑና ሳይከፍሉ ቀኑን ሙሉ ይጠጡ። ለስላሳ፣ የዱቄት ጁስና ኃይል ሰጪ መጠጥ በግቢው አይሸጥ፣ አይታደል። ሌላ ካስፈለገ ስኳር ያልገባበት ወተት ይበቃል። በመዝጊያው ዕለት አንድ አንድ ለስላሳ ቢጠጡ አንጣላም፤ ያን ያህል ደረቆች አይደለንም።

ሽያጩ የፕሮግራሙን ወጪ እንደሚደጉም ሰምተናል። ጉድለቱ ስንት ፍራንክ እንደሆነ በግልጽ ንገሩን፣ እናዋጣለን። በልጆቻችን ጥርስ ግን አይሞላ።

እስከ ሐሙስ የሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንድትመልሱልን በትሕትና እንጠይቃለን። መልስ ካጣን ልጆቻችንን ከመጪው ሳምንት ጀምሮ እናስቀራለን፤ ለቀሪዎቹ ሳምንታት የከፈልነውም እንዲመለስልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
ስማችንና ፊርማችን በአባሪው የሰፈረ ወላጆች