«ጎመን በጤና» በአቃቂ ገበያ ስንት ያወጣል?

«ጎመን በጤና» ሲባል የኖረው ሥጋና ቅቤው ቢቀር ጤና ካለ ጎመን ይበቃል ለማለት ነው። የአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ጎመን ግን ተረቱን ለክርክር ዳርጎታል። ከቃሊቲ በታች እስከ አባ ሳሙኤል ድረስ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመንና ካሮት በወንዙ ውሃ ይለማሉ። ውሃው አይከፈልበትም፣ እርሻው ለከተማው ቅርብ ነው፣ የማጓጓዣ ወጪውም አነስተኛ ነው። ነጋዴው ይህን ምርት የሚወደው ስለዚህ ነው። ለመሆኑ የዚህን ርካሽነት ቀሪ ሂሳብ የሚከፍለው ማነው?

እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የወጣ ጥናት በ104 አገሮች የሚገኙ 258 ወንዞች ውስጥ ምን ያህል የመድኃኒት ቅሪት እንዳለ መርምሮ ነበር። ከፍተኛው አማካይ መጠን የተገኘው በፓኪስታኗ ላሆር ሲሆን፣ የቦሊቪያዋ ላፓዝ 2ኛ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 3ኛ ሆነዋል። በአዲስ አበባ የተመዘገበው በሊትር 51.3 ማይክሮግራም ነው። ቅሪቱ የአንቲባዮቲክ ብቻ ሳይሆን የሕመም ማስታገሻና የሌሎች መድኃኒቶችም ጭምር ነው። ከመዲናይቱ ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ፋብሪካዎች ወደ ወንዝ የሚገባው ፍሳሽ በትልቁና በትንሹ አቃቂ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ እንደሚወርድ ይታወቃል።

ጉዳዩን ከተራ ብክለት የሚለየው ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ነው። አንቲባዮቲክ ባለበት ውሃ ውስጥ ደካማው ባክቴሪያ ሲሞት መድኃኒቱን የሚቋቋመው ይተርፋል። የተረፈው የመቋቋሚያ ዘረመሉን ለልጆቹ ብቻ አያወርስም። ከዝርያው ውጪ ላለ ጎረቤት ባክቴሪያም ግልባጩን ሊሰጥ ይችላል። የገበያ ወሬ ከመደብ ወደ መደብ እንደሚዛመት ማለት ነው። እንደ ክሮም ያሉ የቆዳ ፋብሪካ ብረቶችም መድኃኒት የተላመደውን ባክቴሪያ እየመረጡ በማስቀረት ይህን ሂደት ያግዛሉ። በመሆኑም የሆስፒታሉ፣ የመጸዳጃ ቤቱና የከብት በረቱ ፍሳሽ የሚገናኙበት ወንዝ ጀርሞች የመከላከያ ዘዴያቸውን የሚለዋወጡበት ገበያ ይሆናል።

ደረሰኝ የሌለው ወጪ

መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎችን በቀጥታ ገድለዋል ተብሎ ይገመታል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት ነገሩ ከከፋ የዓለም ዓመታዊ ምርት እ.ኤ.አ. በ2050 በ3.8 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። የድሆች አገሮች ድርሻ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህን ወደ መርካቶ ነጋዴ ቋንቋ መመለስ ይቻላል። በርካሹ አሞክሲሲሊን መዳን የነበረበት ሠራተኛ ካልዳነ፣ በውጭ ምንዛሪ የገባውን ውዱን መርፌ ይገዛል፣ አልጋ ይይዛል፣ ከሥራ ይቀራል። ይህ ሁሉ በሰላጣው ዋጋ ውስጥ አልገባም። ሻጩና ገዢው ሳይቆጥሩት በሦስተኛ ሰው ትከሻ ላይ የወደቀ ወጪ ነው።

በእርግጥ ጎመን ይቀቀላል፣ በደንብ የበሰለ ምግብ ላይም ባክቴሪያ አይተርፍም። ሰላጣ ግን ጥሬውን ይበላል። በወንዙ ውሃ በለማ ሰላጣ ላይ የሰገራ ባክቴሪያ መገኘቱን ጥናቶች አሳይተዋል። ከበይው በፊት ደግሞ ገበሬው፣ ጫኚውና ቸርቻሪዋ በእጃቸው ይነኩታል።

ገበያው ይህን ለምን አላረመውም? መልሱ አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ከጻፉት አይርቅም። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ሁለቱም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፣ ጥሩ የሚያመርተውም ተከፍቶ ገበያውን ይለቃል። በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት በተዛወረው አትክልት ተራ በጉድጓድ ውሃ የለማ ሰላጣና በአቃቂ ውሃ የለማው ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ዓይቶ የሚለያቸው ገዢ የለም። የምርቱን መነሻ የሚያውቀው ደላላው ነው። ይህ ዕውቀት ግን ዛሬ ዋጋ አያወጣለትም።

መከልከል ወይስ መለየት?

አንዳንዶች እርሻው ይከልከል ይላሉ። ይሁንና ገበሬው ወንዙን አልበከለም። ከላይ የወረደለትን ውሃ ነው የሚጠቀመው። ቢከለከል ኑሮውን ያጣል፣ ብክለቱ ግን ባለበት ይቀጥላል። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም አለው። ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጣራው በመስመር የደረሰለትን ብቻ ነው፣ የመቋቋሚያ ዘረመልንም ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም።

ስለዚህ የሚያዋጣው መንገድ ሌላ ነው። በመጀመሪያ፣ በጅምላ ገበያው የሰላጣና የካሮት መነሻ ይመዝገብ። ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች በንጹሕ ውሃ ለለማው ጭማሪ ቢከፍሉ ደላላው ዕውቀቱን የሚሸጥበት ምክንያት ያገኛል። ሁለተኛ፣ የወንዝ ዳር ገበሬው ጥሬ ከሚበላ ምርት ወደ ችግኝ፣ አበባና የመሳሰለው እንዲዞር ብድር ይመቻችለት። ሦስተኛ፣ ሆስፒታሎች ፍሳሻቸውን ከግቢያቸው ሳይወጣ ያክሙ።

አራተኛው የኢንቨስተሮች ጉዳይ ነው። ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተቋቋመው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኘው በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ነው። በሕንድ ሃይደራባድ አቅራቢያ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከሚያክም ጣቢያ በወጣ ውሃ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት መሠረት፣ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 የአንቲባዮቲክ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚመለከት የመጀመሪያውን መመሪያ አውጥቷል። መመሪያውን ፋብሪካው ሲተከል በሥራ ላይ ማዋል ከተተከለ በኋላ ከማፍረስ ይረክሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር እንዲፈጅ ታቅዶ ነበር። ዳርቻው ሲያምር የመሬቱ ዋጋ ይንር ይሆናል። ወንዙ ግን ከዳርቻው መናፈሻ አልፎ ወደ አቃቂ ሰላጣ ማሳ ይወርዳል። ያ ሰላጣ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ተጭኖ መናፈሻው አጠገብ ወዳለው ምግብ ቤት ይመለሳል።