ጎጆ የሚያወጣቸው ማን ነው?

በጎጃም ገጠር አንድ ወጣት ራሱን ቻለ የሚባለው ዕድሜው ስለ ደረሰ ብቻ ሳይሆን ጎጆ ሲወጣ ነው። ጎጆ መውጣትም ብቻውን የሚፈጸም ሥራ አይደለም። አባት ከይዞታው ቆርሶ ይሰጣል፤ ቢችል በሬ ወይም ጊደር ይጨምርለታል፤ እናት የቤት ዕቃ ታሰናዳለች፤ ዘመድና ጎረቤት ቤቱን ሲሠራ ያግዘዋል። የመጀመሪያው አዝመራ ቢከፋበት እንኳ ተመልሶ የሚቀርብበት የወላጆቹ ማዕድ አለ። እንግዲህ ዛሬ የምንጠይቀው፣ ወላጆቹን አጥቶ በአሳዳጊ ቤት ያደገው ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ጎጆ የሚያወጣው ማን እንደ ሆነ ነው።

የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከፍኖተ ሰላምና ከዙሪያዋ ከጃቢ ጠህናን ጀምሮ እስከ ቡሬና ወምበርማ ድረስ ወላጅ የሞተበትን ልጅ አያት ወይም አጎት፣ አንዳንድ ጊዜም የክርስትና አባት ይወስደዋል። ለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚጻፍ ውል የለም፤ ቃሉ «አደራ» ነው። መንግሥትም በበኩሉ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ለወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ደንግጓል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም በአሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ስለሚደረግ እንክብካቤ ሥርዐት አበጅቷል። በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ ሀገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት ሲቀር ደግሞ፣ «ልጆቻችንን እኛው እናሳድጋለን» ብለን ቃል የገባን ያህል ነው። እንዲህ ያለው ቃል የሚፈተነው ግን ልጁ ሕፃን ሳለ ሳይሆን ከቤት በሚወጣበት ቀን ነው።

የቤተሰብ ሕጋችን የሞግዚትንና የአሳዳሪን ሥልጣን በ18 ዓመት ያበቃል። በሕጉ ላይ ቅሬታ የለንም፤ ወጣቱ የራሱ ጌታ እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ ነውና። ስሕተቱ የሚመጣው የሞግዚቱ ሥልጣን ያበቃበት ቀን የኛም ኀላፊነት ያበቃበት ቀን ተደርጎ ሲቆጠር ነው።

ጉዳቱን በመጀመሪያ በመሬት ላይ እንመልከት። በምዕራብ ጎጃም መሬት በሰፊው የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ወጣት መሬት የማግኘት ተስፋው በአብዛኛው በወላጆቹ ይዞታ ላይ ነው። ወላጆቹ ለሞቱበት ልጅ የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ውርሱን ያውቅለታል፤ እስኪደርስም ይዞታው በሞግዚት ይጠበቅለታል፤ ሞግዚቱም ሥራው ሲያበቃ ሒሳቡን ማስረከብ አለበት። ነገር ግን ለዐሥር ዓመት ያህል ያበላውንና ያለበሰውን አጎቱን «ደብተሬን አምጣ፣ ሒሳቤን አሳየኝ» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት ያለው የ18 ዓመት ልጅ ስንት ይሆናል? ቢጠይቅ ውለታ ቢስ ይባላል፤ ዝም ቢል መሬት አልባ ሆኖ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ልጁን ብቻውን መተው ፍርድ አይደለም።

ወደ ከተማ ቢወርድስ? ቡሬ ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው መንገድ ወደ ነቀምት የሚገነጠልባት የንግድ ከተማ ናት። የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቁባት ብዙ ወጣት ተስፋ አድርጎባቸዋል። ሆኖም ገንዘብ የሚያስነካ ሥራ ሲሆን ዋስ ይጠየቃል፤ ብድር ሲሆን ደግሞ አንዱ ለሌላው የሚዋስ ቡድን ያስፈልጋል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ቢሆን ተደራጅቶ ለቀረበ ወጣት የታሰበ ነበር። መታወቂያ ለማውጣት የሚያውቅ ሰው፣ ቤት ለመከራየት የሚመሰክር ሰው ያሻል። እንግዲህ ይህ ወጣት ከሙያና ከገንዘብ ይልቅ የጎደለው ዋስ ነው ማለት ነው።

«ሥራ ያጣው ወጣት ሁሉ ችግሩ አንድ ነው፤ ለእነዚህ ብቻ ምን የተለየ ነገር ይደረጋል?» የሚሉ አሉ። ችግሩ አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ መውደቂያው ግን አንድ አይደለም። ወላጅ ያለው ወጣት ሥራ ቢያጣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል፤ ይኸኛው የሚመለስበት የለውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜም፣ የልጁን የትምህርት ዘመን ቆጥሮ «ይቀጥል» የሚልለት ወላጅ ያጣው ልጅ ይበልጥ መጎዳቱ የማይቀር ነው።

ሌሎች ሀገሮችም በዚሁ ተፈትነዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ከእንክብካቤ ለሚወጣው ወጣት የግል አማካሪ እንዲመደብለት አድርጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን እስከ 25 ዓመት አራዘመችው። «እነርሱ ሀብታም ናቸው» ይባል ይሆናል። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም በተቻለ መጠን ለያንዳንዱ ልጅ ራሱን እንዲችል የሚረዳው አንድ ሰው እንዲመደብ ይመክራል። ይህም ከበጀት ይልቅ ሰው የሚጠይቅ ነገር ነው። በሀገራችንም በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች መንደር ያለው ኤስ ኦ ኤስ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ከቤተሰብ ቤት ወደ ወጣቶች ቤት እያሸጋገረ ራስን መቻልን ያለማምዳል። በአጎቱ ቤት ላደገው የገጠር ልጅ ግን እንዲህ ያለ መሸጋገሪያ የለውም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዝግጅቱ በ18ኛው ዓመት ሳይሆን በ15ኛው ወይም በ16ኛው ይጀመር፤ ቀበሌው በአሳዳጊ ቤት ያሉትን ልጆች በስም ይወቅ። ሁለተኛ፣ ልጁ መሬት ካለው ሒሳቡን የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ራሱ ይጠይቅለት፤ አጎትንና ልጅን ከሚያቃቅር መንግሥት ጠያቂ ቢሆን ይሻላል። ሦስተኛ፣ በቡሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ወይም በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለሚገባው፣ ብድር ወይም ሥራ ለሚጠይቀውም፣ የሚዋስለት አንድ የታወቀ ሰው ይሰየምለት፤ አስተማሪ ቢሆን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቢሆን፣ የዕድር ዳኛም ቢሆን።

ይህን ጽሑፍ የምታነበው ወጣት ሹም ሆይ፣ በወረዳህ በመጪው ዓመት 18 የሚሞላቸው ወላጅ አልባ ልጆች ስንት ናቸው? መልሱ በመዝገብህ ከሌለ ሥራው ከዚያ ይጀምራል። አባቶቻችን አደራ የተቀበሉትን ልጅ ዕድሜው ደረሰ ብለው ከደጅ አላስወጡትም፤ ጎጆ አወጡት እንጂ። ልዩ ጥበቃ እናደርጋለን ብለን በሕግ የጻፍን እኛ ከዚህ ያነሰ ልናደርግ አይገባንም።